ሜዳው ሁሉ ያወቀው፣ ግብ ጠባቂው ያልሰማው

አስቀድሜ ሰዎቹን ላስተዋውቃችሁ። ከዚያ ፍርዱ የእናንተ ነው።

ኦቦ ገመቹ። ለቡ ገና ማሳ ሳለች እዚያው ተወልደው፣ ጤፍና ሽንብራ ዘርተው፣ ከብት አርብተው ያረጁ ሰው። «የምንጭ ልጆች» የሚባለውን የሰፈራችንን እግር ኳስ ቡድን የመሠረቱት እሳቸው ናቸው።

ቶሎሳ። የኦቦ ገመቹ የመጨረሻ ልጅ፤ የቡድናችን ግብ ጠባቂ። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ሲናደድ ጆሮው የሚቀላ።

ጫልቱ። የቶሎሳ ታላቅ እህት። አባቷን ሆስፒታል ያስታመመችው እሷ ናት።

ሸምሱ። የቡድኑ ሊቀ መንበር። ከስልጤ አገር በልጅነቱ መጥቶ ሠርቶ ያደገ፣ የሕንፃ መሣሪያ መደብር ያለው፣ ሳቁ ከመንገድ ማዶ የሚሰማ ሰው። ወዳጄ ነበር።

ናሆም። የእኔ ልጅ። የቡድኑ ሁለተኛ ግብ ጠባቂ። ይህን አስታውሱልኝ፤ ኋላ ይመጣል።

እኔ አሰፋ እባላለሁ፤ በያጅ ነኝ። ትምህርት ቤት አልገባሁም። ማንበብ የተማርኩት ዕቃ ተጠቅልሎ ከሚመጣበት አሮጌ ጋዜጣ ላይ ነው። ልጆቼን ያሳደግኩት በጥብቅ ነው። በቤቴ ውሸት ከስርቆት እኩል ያስቀጣል። ጎረቤቶቼ «የአሰፋ ቤት ልጅ ሲስቅ እንኳ አስፈቅዶ ነው» ይሉኛል። ይበሉ።

ቡድናችን ትልቅ ቡድን አልነበረም። ስሙን በሬዲዮ ሰምታችሁት አታውቁም። የአካባቢው መሬት ለቤት ሥራ ሲወሰድ ኦቦ ገመቹ አንዲት ነገር ብቻ ለመኑ፤ «ምንጯ አጠገብ ያለችውን ሜዳ ተዉልኝ፤ ልጆች ይሩጡባት» አሉ። ተተወችላቸው። መጀመሪያ የግቡ ቋሚዎች የባሕር ዛፍ እንጨት ነበሩ። አንዱ ነፋስ ጥሎት ልጅ ለጥቂት ሲስት እኔ የብረት ግብ በየድኩ፤ ነጭ ቀለም ቀባሁት። የገበሬው ልጅ፣ ከኮንዶሚኒየም የመጣው ልጅ፣ የነጋዴው ልጅ አንድ ማልያ ለበሱ። በጨዋታ ቀን ጠዋት ኦቦ ገመቹ ከላሞቻቸው ያለቡትን ወተት በኩባያ እያዞሩ ለተጫዋቾቹ ያጠጡ ነበር። ጾመኛ ለሆነው በሶ ይበጠበጥለታል። ያልጠጣ አይሰለፍም፤ አሰልጣኙ እንኳ ይህን ሕግ አይሽርም።

ያ እሑድ የዓመቱ የመጨረሻ ጨዋታችን ነበር። ተጋጣሚያችን ከጀሞ የመጣ ቡድን ነው። አቻ ከወጣን ወደ ላይኛው ዲቪዚዮን እናልፋለን፤ ከተሸነፍን እዚያው እንቀራለን። ከላይ ሆነው ሲያዩት ተራ ነገር ይመስላል። ለእኛ ግን ሜዳችን ነበር። «ወደ ላይ ካለፋችሁ ሜዳው በስፖርት ማዘውተሪያነት ይጸናላችኋል፤ ካላለፋችሁ ለሌላ አገልግሎት ይታሰባል» ተብለናል ከወረዳው። ስለዚህ ሕዝቡ በሙሉ ወጥቶ ነበር፤ ሽማግሌው በርጩማ ይዞ፣ እናቶች ጥላ ይዘው።

ኦቦ ገመቹ አልነበሩም። ልባቸው ታሞ ሆስፒታል ከተኙ ሰንብተዋል። ያን ቀን ጠዋት ወተቱን ያዞረው ቶሎሳ ነው።

«አባትህ እንዴት ናቸው?» አልኩት ኩባያዬን ስቀበል።

«ደህና ነው ይላሉ ጋሼ። ሐሙስ ስሄድ ተኝቶ ነበር። ጫልቱም ‹ደህና ነው፣ ድካም ነው፣ አንተ ጨዋታህ ላይ አተኩር› አለችኝ።»

ደህና ነው። ይህችን ቃል ያዙልኝ።

የመጀመሪያው አጋማሽ ሊያልቅ ሲል ስልኬ ጠራ። ጫልቱ ናት። ጩኸቱ ስላላሰማኝ ከምንጯ ወዲያ ሄጄ አነሳሁ።

«ጋሼ አሰፋ፣ ብቻህን ነህ?»

«ብቻዬን ነኝ። ምን ሆነሻል?»

«ሐኪሙ ቤተሰብ ይሰብሰብ አለን። እስከ ማታ መድረሱን እንጃ ነው ያለኝ።» ድምፅዋ ተቆረጠ፤ ከዚያ ተመለሰ። «ግን አባዬ ነቅቷል፤ ይናገራል። ቶሎሳን ልጥራ ስለው ተቆጣኝ። ‹ጨዋታው ሳያልቅ ማንም እንዳይነግረው። አደራ በሰማይ አደራ በምድር ብለሽ ለአሰፋ ንገሪው› አለኝ። ፊሽካው እንደተነፋ ይዘኸው ና፤ እባክህ።»

«እሳቸው ይህን አሉ?»

«እሱ ነው ያለው። እኔ ምን ላድርግ ጋሼ?»

ስልኩን ዘግቼ ቆምኩ። አደራ በሰማይ አደራ በምድር የተባለ ነገር እኛ ዘንድ ምን ያህል እንደሚከብድ ለእናንተ አልነግራችሁም።

ፊሽካ ተነፋ፤ ዕረፍት ሆነ። ባዶ ለባዶ። ሸምሱን ከሰው ገለል አድርጌ ነገርኩት። ፊቱ ላይ የነበረው ሳቅ ጠፋ። እጁን በፊቱ ላይ አሳልፎ «አላህ ያቅልላቸው» አለ፤ ከልቡ ነው ያለው። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ።

«ለልጁ አልነገርከውም አይደል?»

«አልነገርኩትም።»

«ጎበዝ። በል እንዳትነግረው። አሴ፣ ስማኝ፤ ሰው ሞቶ እንኳ መርዶ ወዲያው አይነገርም። በጠዋት ነው፣ ዘመድ ተሰብስቦ ነው። አንዲት አርባ አምስት ደቂቃ ምንድን ናት?»

«መርዶ ለሞተ ሰው ነው ሸምሱ። ኦቦ ገመቹ አልሞቱም።»

«ራሳቸው ናቸው እኮ ያሉት! የሽማግሌውን ቃል ልታፈርስ ነው? ይቺን ሜዳ ማን አስቀራት? እሳቸው። እንግዲህ ሜዳዋ እንድትቀር ነው ልጃቸውን የከለከሉት። እኔና አንተ ማነን?»

እውነቱን ነው፤ ክርክሩ ትክክል ነበር።

ይህን ስንባባል ቶሎሳ ፊቱን በውሃ እየታጠበ ወደ እኛ መጣ። «ጋሼ፣ ጫልቱ ደውላ ነበር እንዴ? አባዬ ውጤት አልጠየቀም?»

አፌን ልከፍት ስል ሸምሱ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። «ደውላለች! ተሽሏቸዋል፤ ሾርባ ጠጥተዋል። ‹ቶሎሳ ካስገባ ቤት እንዳይመጣ› ብለዋል።»

ቶሎሳ ሳቀ። እኔም ውሸቱን አላረምኩም።

ሁለተኛው አጋማሽ ተጀመረ። ወሬ እንዴት እንደወጣ አላውቅም፤ ምናልባት ጫልቱ ለሌላም ሰው ደውላለች፣ ምናልባት ሸምሱን የሰማ አለ። ብቻ በሜዳው ዙሪያ ሲሄድ አየሁት። አንዱ ወደ ሌላው ጆሮ ጎንበስ ይላል፤ የሰማው ከንፈሩን ይመጣል፤ ከዚያ ወደ ግቡ ያያል። ጭብጨባው ሳሳ። ከበሮ የሚመታው ጎረምሳ ከበሮውን መሬት አስቀመጠ። የጀሞዎቹ ደጋፊዎች ግን ምንም ስላልሰሙ ይዘፍናሉ።

«ምነው የለቡ ሰዎች? ልቅሶ ቤት ናችሁ እንዴ?» ብሎ አንዱ ከማዶ ጮኸ፤ ጓደኞቹ ሳቁ።

ሜዳው ሁሉ አወቀ። የማያውቀው በብረቶቼ መካከል የቆመው ልጅ ብቻ ነበር።

ለምን ወዲያው አልነገርኩትም? አደራው አንድ ነገር ነው። ሌላውን ደግሞ ልንገራችሁ። በተጠባባቂዎች መቀመጫ ላይ የተቀመጠው ልጄ ነው። ዓመቱን ሙሉ አንድም ጨዋታ አልተሰለፈም። ቶሎሳ ከወጣ የሚገባው እሱ ነው። ሰፈሩ የሚለውን ከወዲሁ ሰማሁት፤ «አሰፋ ልጁን ለማስገባት የሰውን ልጅ በአባቱ ሞት አስወጣ።» ልቤን በረበርኩት። ናሆም ሲገባ የማየት ምኞት እዚያ ውስጥ ነበረ ወይ? ነበረ። አባት ነኝ። ግን በዚያች ሰዓት ምኞቱ አልነበረም የያዘኝ፤ ሐሜቱን መፍራቴ ነበር።

ቶሎሳ አንድ ከባድ ኳስ አዳነ፤ በአየር ላይ ተዘርግቶ በጣቶቹ ጫፍ ወደ ውጭ አወጣት። በሌላ ቀን ቢሆን ሜዳው ይናወጥ ነበር። ያን ቀን አንዲት ሴት ብቻ «ወይኔ ልጄን!» አለች። ቶሎሳ ተነስቶ ወደ ደጋፊው አየ። ግራ የተጋባ ይመስላል።

ዞር ስል እማማ ዘነበችን አየሁ። የኦቦ ገመቹ ጎረቤት ናቸው። ከሴቶቹ መካከል ቆመው ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ለብሰዋል። ለልቅሶ እንደሚለበሰው።

«እማማ! ይገልብጡት፤ ያየዎታል!» ብላ አንዲት ወጣት ነጠላቸውን ጎተተች።

«እጄ ነው ልጄ፣ እጄ ነው ያዘቀዘቀው» አሉ፤ እያለቀሱ አስተካከሉት።

በዚያች ቅጽበት ነገሩ ገባኝ። ሰውየው ሆስፒታል አልጋ ላይ ሆኖ ይናገራል፣ ይቆጣል፣ አደራ ይላል። እኛ እዚህ ነጠላ ዘቅዝቀንለታል። መርዶ ደብቀን ያቆየነው በሕይወት ላለ ሰው ነው። የሞተ ሰው ይጠብቃል፤ እስከ ጠዋትም፣ እስከ ሳምንትም ይጠብቃል። ሕያው ግን አይጠብቅም። በልማዱ የተጠቀምነው በቦታው አልነበረም።

ወደ ግቡ ጀርባ ሄድኩ። ሸምሱ ከሩቅ አይቶኝ «አሴ! አሴ! ተመለስ!» እያለ ሮጠ። ኳሱ በጀሞዎቹ በኩል ነበር።

«ቶሎሳ፣ ሳትዞር ስማኝ» አልኩት። «አባትህ በሕይወት አሉ። ነቅተዋል፤ ይናገራሉ። ግን ሐኪሙ ቤተሰብ ይሰብሰብ ብሏል። እስከ ማታ መድረሳቸው አይታወቅም። እንዳይነገርህ ያሉት ራሳቸው ናቸው። መቆየትም መሄድም ያንተ ነው።»

ጀርባው ብቻ ነው የሚታየኝ። ጆሮዎቹ ቀሉ።

«ይናገራል?» አለ።

«ይናገራሉ።»

«ቶሎሳ! ኳስ!» ብሎ አንዱ ተከላካይ ጮኸ። የጀሞ አጥቂ እየገፋ መጥቷል። አሁን ቢገባ በእኔ ነው የሚገባው። ቶሎሳ ሁለት እርምጃ ወጣ፣ ወደቀባት፣ አቀፋት። ተነሳ። ኳሷን አየት አደረጋትና በሙሉ ኃይሉ ከሜዳው ውጭ፣ ከምንጯ ወዲያ ለጋት። ጨዋታው ቆመ። እሱም ጓንቱን ሳያወልቅ እየተራመደ ከሜዳ ወጣ።

ሸምሱ ደርሶ ኮሌታዬን ያዘኝ። ዓይኑ ደም ለብሷል።

«ልጅህን ለማስገባት! ለዚህ ነው! በአላህ ስም፣ የሽማግሌውን ቃል በላህ፣ ሜዳችንን በላህ!»

«ልቀቀኝ ሸምሱ።»

«ያቺ ሜዳ ብትሄድ ፊትህን አላይም!»

ናሆም ጓንቱን ያስር ነበር። «አባዬ፣ ምንድን ነው ያደረግኸው?» አለኝ። ላስረዳው ጊዜ አልነበረኝም። «ግባ» አልኩት። እስከ ዛሬ ‹ሌላ ቃል ጨምሬ ብነግረው ኖሮ› እላለሁ።

ሸምሱ መኪና አለው፤ ግን የዚያን ሰዓት የሸምሱን መኪና ማን ይለምናል? መንገድ ዳር ላይ አንድ ሚኒባስ ቆሟል፤ የጀሞዎቹን ደጋፊዎች ያመጣው ነው። ሾፌሩ የጀሞን ማልያ ለብሶ በር ላይ ተደግፎ ጨዋታውን ያያል።

«ወንድሜ፣ አባቱ ሆስፒታል ናቸው፤ አድርሰን» አልኩት።

ቶሎሳን ከእግር እስከ ራሱ አየው። «ይኼ ግብ ጠባቂያችሁ አይደለም እንዴ?»

«ነው።»

«ታዲያ እሱን ይዤ ከሄድኩ ጨዋታው የኛ ነው!» ብሎ ሊስቅ ሲል የቶሎሳን ፊት አየ። ሳቁን ዋጠ። «ግቡ። ግቡ፣ ቶሎ።»

እስከ ብስራተ ገብርኤል ድረስ እንደ ንፋስ ሄድን። እዚያ ግን መንገዱ ተዘጋ። መኪና በመኪና ላይ ተደራርቦ ቆሟል። ሾፌሩ ጥሩንባ እየነፋ፣ ራሱን በመስኮት አውጥቶ ይለምናል፤ «በሽተኛ ነው የያዝኩት! አሳልፈኝ ጋሽዬ! በሞቴ!» ሌላው ሾፌር «በሽተኛህ ኳስ ተጫዋች ነው እንዴ?» ይለዋል። ቶሎሳ ከኋላ ወንበር ላይ ሁለት የጓንት እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል።

የሾፌሩ ስልክ ጠራ። አነሳው። ከስልኩ ውስጥ ጩኸት ሲፈነዳ እኔም ሰማሁ። የሾፌሩ ፊት በራ፤ ወዲያው በመስታወቱ ቶሎሳን አይቶ ፊቱን አጠፋው። «እሺ፣ በኋላ» ብሎ ዘጋ። ማንም ምንም አልጠየቀም። እኔ ግን አወቅሁ። ናሆም ላይ ገብቷል። በመስኮቱ ወደ ውጭ አየሁ፤ ልጄ ኳሷን ከመረቡ ሲያወጣ በዓይኔ ታየኝ።

ሾፌሩ በእግረኛው መንገድ ላይ ጎማውን አውጥቶ አሳለፈን። በሆስፒታሉ በር አውርዶን ገንዘብ ስሰጠው «ተወኝ አባቴ፣ እናንተ ዛሬ ከፍላችኋል» አለኝ።

ኦቦ ገመቹ በትራስ ተደግፈው ነበር። ከስተዋል፤ ዓይናቸው ግን ያው የድሮው ነው። ጫልቱ እግራቸው ሥር ተቀምጣለች። ቶሎሳ በር ላይ ቆመ፤ ጭቃ የነካው ማልያ፣ ትልልቅ ጓንት።

«ግቡን ለማን ጥለኸው መጣህ?» አሉት።

«ለናሆም።»

«ጨዋታው አልቋል?»

ቶሎሳ ዓይኑን ወደ ጓንቱ ጣለ። ሽማግሌው ዓይናቸውን ወደ እኔ አዞሩ።

«ማን ነው የነገረው?»

«እኔ ነኝ ኦቦ ገመቹ።»

«አደራዬን በላህ።»

«በላሁ።»

አዩኝ አዩኝና ፊታቸውን መለሱ። ይቅርታ አላደረጉልኝም፤ አልረገሙኝምም። ወደ ልጃቸው እጃቸውን ዘረጉ። «ና፣ ኢልማ ኮ፣ ልጄ። ያን ነገር ከእጅህ ላይ አውልቀው» አሉት። ቶሎሳ ጓንቱን በጥርሱ ስቦ አወለቀና ባዶ እጁን ሰጣቸው። ጫልቱን ተከትዬ ወጣሁ፤ በሩን ዘጋሁት።

ኮሪደሩ ላይ ቆመን የሽማግሌውን ድምፅ ሰማን። ቃሉ አይለይም፤ ዝቅ ያለ፣ የሚቆራረጥ የኦሮምኛ ንግግር ነው። አንድ ጊዜ የቶሎሳ ሳቅ መሰለኝ። ከዚያ ዝምታ። ግማሽ ሰዓት ያህል ቢሆን ነው። ቶሎሳ በሩን ከፍቶ «ጫልቱ፣ መናገር አቆመ» አለ።

ከዚያ በኋላ ኦቦ ገመቹ ቃል አልወጣቸውም። ሁለት ቀን እንዲያው ተንፍሰው ማክሰኞ አረፉ። እኛ ሆስፒታል ሳለን ጨዋታው በጀሞዎቹ አንድ ለባዶ አሸናፊነት አልቋል፤ ከማዕዘን ምት የመጣች ኳስ።

እንግዲህ አንባቢዎቼ፣ ሰፈሩ ይህን ታሪክ እንዲህ ነው የሚያወራው፤ «ሰውየው ሁለት ቀን ቆዩ። አሰፋ ፊሽካውን ቢጠብቅ ምን ይጎድል ነበር?» ሒሳባቸው ልክ ነው፤ ሁለቱን ቀን መካድ አልችልም። ብጠብቅም ቶሎሳ አባቱን በሕይወት ያገኝ ነበር። ግን ድምፁን አያገኝም ነበር። ይህን ደግሞ እኔ አስቀድሜ አላወቅሁም፤ አውቄ ነበር ብል ውሸት ነው። ያወቅሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በሕይወት ያለ ሰው ላይ ነጠላ ተዘቅዝቋል።

ከዚያ ወዲህ በቤቴ «ደህና ነው» የምትል ቃል ያለ ምርመራ አታልፍም። እናንተም ብትሆኑ፣ ሕመም ተደብቆ ሰው «እንዳይደነግጥ» ስትሉ ማንን እያዳናችሁ እንደሆነ ራሳችሁን ጠይቁ። እኛ ደግ ሕዝብ ነን፤ ከደግነታችን ብዛት ሰውን ከገዛ አባቱ እንሰርቀዋለን። ስለ አደራው ግን ምክር የለኝም። አንድ ሽማግሌ በሰማይና በምድር ብሎ የሰጠኝን አፍርሻለሁ፤ እስከ ዛሬ ጥሩ እንቅልፍ አልተኛሁበትም። ደግሜ ብቆም ደግሜ አፈርሰዋለሁ። ሁለቱም እውነት ናቸው።

ቀብር ላይ ሸምሱ ከወዲያኛው ወገን ቆሞ ነበር። አፈር ሲያለብሱ ተያየን፤ ሰላም አላለኝም። እሱም አልተሳሳተም፤ ሜዳዋን ይወድ ነበር።

ናሆም ያን ምሽት ቤት ሲገባ ራት አልበላም። «ኳሷን አየኋት አባዬ። አየኋት እኮ» አለኝ። እኔም በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ልጄን ሳላርመው፣ ሳልመክረው አጠገቡ ተቀመጥኩ።

ቶሎሳን አባቱ ምን እንዳሉት ጠይቄው አላውቅም። በሄድኩበት ሲያገኘኝ ግን ሁልጊዜ ቀድሞ በባዶ እጁ ይጨብጠኛል፤ ቶሎ አይለቀኝም።

ያቺ እሑድ የጠየቀችን ዋጋ ይህ ነው። ሰፈሩ ሜዳውን ከፈለ፤ ዛሬ የጭነት መኪና ይቆምበታል፤ ምንጯ በአሸዋ ክምር ሥር ናት። ቡድኑ ሜዳ ሲያጣ ተበተነ፤ ወተቱም አብሮ ቀረ። ሸምሱ ወዳጁን ከፈለ፤ እኔም ወዳጄን። ናሆም ጓንቱን ከፈለ፤ ከዚያ ወዲህ እጁን አላስገባበትም። የበየድኳቸውን ግቦች ቆርጬ አመጣኋቸው፤ ግቢዬ ውስጥ አጥር ተደግፈው ዝገት ይበላቸዋል። በዚህ ሁሉ ፋንታ አንድ ልጅ ግማሽ ሰዓት የአባቱን ድምፅ ሰማ።